አምስት እርምጃ ከስንዝር

ከቢቸና ማርቆስ፣ በመጀመሪያው መኪና፣
ሐሙስ ጠዋት ሄድኩኝ፣ ዝናቡ ሳያባራ ገና።
ኪሴ ውስጥ ብር ነበረ፣
ጥቅል ሲባጎም ነበረ፣ ጫፍ ለጫፉ የተቋጠረ፤
ከጎታው ሥር እስከ አልጋው እግር፣
አምስት እርምጃ ከስንዝር።
አቶ ይርዳው፣ የሰው ጥበብ አርባ ዓመት ሙሉ ሸምኖ፣
ለራሱ የቀረው ጥበት ነው፤ መስኮቱም በጭቃ ተደፍኖ።

«ፎቶ አንሣን» ብሎኝ ነበር፣ «እሷ ከአልጋ ሳትነሣ፤
ፍላሽህን ግን ተወው፣ መብረቅህ ይቅር፣ እንዳትረሳ።
የዓይን ቆቧን ተሰፍታለች፣ ብልጭታ አይችልም ዓይኗ፤
አንድ ጊዜ ከነካው፣ ሳምንት ነው የእንባ ቀኗ።»

ያለኝ ሌንስ ረዥም ነው፣ ይሳባል፣ ይገፋል፤
ደጅ ሲያወጡት አንበሳ ነው፣ ጓዳ ሲገባ ያንቀላፋል።
አይኤስኦውን ብሰቅለው፣ ሥዕሉ ላይ ጤፍ ይዘራበታል፤
ፍጥነቱን ባዘገይ፣ ሳሏ አልጋውን ይነቀንቅበታል።

ሽታሁን ሁለት ሌንስ ከመስታወቱ ላይ አኖረ፤
አንዱ ሃምሳ፣ አንዱ ሠላሳ አምስት፤ ዋጋቸውን ግን አልተናገረ።
«አይሳቡም፣ አይገፉም፣ እንደ ጉልቻ ናቸው፤
መቅረብ ብትሻ ትቀርባለህ፣ እግርህ ነው መዘውራቸው።
አንድ ነጥብ ስምንት ነው የብሌናቸው ስፋት፤
ከፀሐይ ጎጆ የገባ ሰው፣ መጀመሪያ የእንስራ አንገት፣
ቀጥሎ የሰው ጉልበት፣
ኋላ ነው ዓይን የሚያገኘው።
ይኸም ሌንስ ያ ነው በለው።»

ሲባጎዬን ፈታሁት፣ ከባንኮኒው እስከ በሩ፤
«ኮርማ ነው ወይስ ሌንስ የምትገዛው?» ብለው ሣቁ፣ ሻይ ይዘው የነበሩ።
ሃምሳውን አስገብቼ፣ ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፌ፣
ፊቱ ሞላኝ ሽታሁን፣ ሁለት ጆሮውን ከዳር አራግፌ።
የሚያምር ፊት ነው፣ አልዋሽም፤ ኪሴም ዋጋውን ይደፍራል፤
ግን ሁለት ሰው አንድ አልጋ ላይ፣ ያ ሌንስ አንዱን ያስቀራል።
ሠላሳ አምስቱ ወንበሩንም፣ ልጁንም፣ ሚዛኑንም አየ፤
ዋጋውን ሲነግረኝ ግን፣ ጉሮሮዬ ላይ ምራቅ ቆየ።
ግማሹን ሰጥቼ፣ ግማሹን ለመስቀል ቀጠሮ ያዝን፤
«በጣትህ እንዳትነካው» አለኝ፤ ሁለታችንም ተከዝን።

ማታ መብራት የለም። ኩራዝ ብቻ፣ ከምሰሶው ተንጠልጥላ።
ጀርባዬ ጎታውን ነካ፤ አንድ ስንዝር እንኳ የለም ኋላ።
ሁለቱም ገቡ በሌንሱ፤ እሱ ከኋላዋ ቀጥ ብሎ፣
እጁን ትከሻዋ ላይ፣ እንደ ሰለቸው መወርወሪያ ጥሎ።
ብሌኑን በረገድኩት። ያኔ፣ ሽታሁን ያልነገረኝ መጣ፤
ስፋት የበዛለት ዓይን፣ ለካ ጥልቀትን ያጣ!
የእሷን ሽፋሽፍት ስይዝ፣ እሱ ጉም ይሆናል፤
እሱን ሳጠራ፣ የእሷ ፊት እንደ ሰም ይመነምናል።
ባጠበው፣ ሁለቱንም ጨለማ ይወስዳቸዋል።
አንድ ስንዝር ናት በመካከል፤ አንድ ስንዝር ይለያቸዋል።

እሷን መረጥኩ።
እንዲህ ያለ ምርጫ ሱቅ ውስጥ አልነበረም፤
ቀብድ የለውም፣ ሲባጎዬም ይህን አልሰፈረም።

«እኔስ የታለሁ?» አለ አቶ ይርዳው፤ «ይሄ ጢስ ነው እኔ ማለት?
ጺሜን አበጥሬ፣ ነጭ ለብሼ፣ ሁለት መቶ ብር ልከፍልበት!»
እማማ ትኩ ካሜራውን ወደ አፍንጫዋ አቀረበች፤
ከቅርብ ብቻ ነው የምታየው፤ እንደ ፈታይ፣ ክር በክር አነበበች።
«ምን ያስከፋሃል» አለችው፣ «ከዚህ አልጋ ሆኜ ሳይህ፣
ሰባት ዓመት እንዲህ ነህ፤ ልጁ በኔ ዓይን ነው ያየህ።»

አልሣቀም። መቶ ብር ቆጠረልኝ፣ መቶውን መለሰ ኪሱ፤
«ይህ የእሷ ነው፤ የኔን ይክፈል፣ አንተ ሌንስ ያልከው እሱ!»

ጭቃውን እየረገጥኩ ወጣሁ፣ ሲባጎዬን እየጠቀለልኩ፣
መስቀል ሊደርስ አሥር ቀን ነው፣ ለሽታሁን ምን እላለሁ እያልኩ።
ከአጥሩ ሥር ግን ትንሽ ቆምኩ፣
ብሌኔ እስኪሰፋልኝ።